ዘይቱ ስንት ዲግሪ ነው?

በገዳሪፍ ጋራዦች ሞተር የሚሞተው በሚያዝያና በግንቦት ነው ይባል ነበር። እውነት ነው። በእነዚያ ወራት ጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዋልካው ይሰነጠቃል፣ አቧራው ይነሣል፣ ካለፈው ምርት የተረፈውን ማሽላ የጫኑ ቤድፎርድ ሎሪዎች ኮፈናቸውን ከፍተው በየመንገዱ ዳር ይቆማሉ። ሾፌሩ ጀሪካን ይዞ ወርዶ ራዲያተሩን ይሞላል፤ ረዳቱ በጨርቅ ያራግባል። የውኃው መለኪያ ወደ ቦታው ሲመለስ ሁለቱም ተመስገን ብለው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ከሳምንታት በኋላ ያው ሎሪ ብሮንዚኑን በልቶ፣ እየተንኳኳ፣ በገመድ ተጎትቶ ጋራዥ ይገባል። ውኃው በርዶ ነበር፤ ዘይቱ ግን አልበረደም። ዘይቱን ደግሞ ያየው ሰው የለም።

እኔ ዘይት ማየት የተማርኩት በዚያች ከተማ ነው። ብዙ ሰው ገዳሪፍን የሚያውቃት በስደት ነው፤ እኔም የገባሁት በስደት ነው፣ በ1978 ዓ.ም.። ከተማዋ ግን ከስደተኛ መጠለያ በላይ ናት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ለጦራቸው ቀለብ የሚሆን ማሽላ በትራክተር ማምረት የጀመሩት በዚሁ በገዳሪፍ ዙሪያ በሚገኘው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ የሞተር አገር ሆነ። ሰሊጡም ማሽላውም በናፍጣ ይዘራል፣ በናፍጣ ይጫናል። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ካርቱምን በገዳሪፍና በከሰላ በኩል ከፖርት ሱዳን ጋር የሚያገናኘው አስፋልት ሲጠናቀቅ ደግሞ ፈጣን መኪናም መጣ። ሎሪ ለማቆም የተሠራ ጋራዥ ሁሉ የቤት መኪና ጭምር መጠገን ጀመረ።

የጋራዦቹ እጅ የእኛው ሰው እጅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከከተማዋ ዳር የነበረው የተዋዋ መጠለያ ከኤርትራም ከጎንደርም ከመሐል አገርም በመጣ ሰው የተሞላ ነበር። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ኡም ራኩባ አለ፤ በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤተ እስራኤላውያን በሌሊት አውቶቡስ ወደ ካርቱም የተወሰዱት ከዚያ አካባቢ ነው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል የእጅ ሙያ ያለው ሰው በማግስቱ ሥራ ያገኛል። በኢንዱስትሪው ሰፈር ከጠዋት እስከ ማታ ዐረብኛ፣ ትግርኛና አማርኛ እኩል ይነገራል። የሞተሩ አካል ሲጠራ ግን ሁሉም በጣሊያንኛ አንድ ይሆናል፤ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፋሻ፣ ፑንቴሪያ።

ያስተማሩኝ ሰው አስመራ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ስማቸውን ለራሴ ላስቀረውና ጋሼ ልበላቸው፤ በሕይወት እያሉም የምጠራቸው እንደዚያ ነበር። ሱዳኖቹ «ዑስታ» ይሏቸዋል። አስመራ ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ የመኪና ውድድር የሚካሄድባት ከተማ ነበረችና ጋሼ በልጅነታቸው የውድድር መኪና ሲታጠብ፣ ሲወለወልና ሲሞቅ እያዩ አድገዋል። «ሲሞቅ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሹፌሮቹ መኪናውን ካስነሡ በኋላ ወዲያው እንደማይሄዱ፣ ዘይቱ እስኪሞቅ ቆመው እንደሚጠብቁ ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። ለጋሼ የጥሩ ሾፌር ምልክቱ ፍጥነቱ አልነበረም፤ ከፍጥነቱ በፊትና በኋላ የሚያደርገው ነገር ነበር።

ነገሩን በቁጥር ያየሁት ግን በአንዲት ቀይ ጎልፍ ጂቲአይ ነው። ዘመኑ 1980 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ባለቤቷ የአንድ እህል ነጋዴ ልጅ ነው፤ ጅዳ ሲሠራ ገዝቷት በፖርት ሱዳን አስገብቷታል። ሁለተኛው ትውልድ ጎልፍ ናት፤ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር፣ በነዳጅ መርጫ የምትሠራ፣ ለዚያ ዘመን ገዳሪፍ እጅግ ፈጣን። ከፍጥነት መለኪያዋ ሥር ትንሽ የቁጥር መስኮት አለች። በዋይፐሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውን ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር ሰዓቱን፣ የተጓዙትን ርቀት፣ የነዳጁን ፍጆታ፣ የውጭውን ሙቀት ታሳያለች። ከእነዚህ አንዱ የሞተሩ ዘይት ሙቀት ነበር።

ጋሼ ያችን መስኮት ሲያዩ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ እስካሁን አይረሳኝም። ዕድሜ ልካቸውን በእጅ መዳፍ፣ በሽታና በጆሮ ሲገምቱት የኖሩት ነገር በቁጥር ተጽፎ ቀረበላቸው።

ልጁ የመጣው በአንድ ችግር ነው። ከከሰላ ሲመለስ፣ ከተማ መግቢያ ላይ ፍጥነት ሲቀንስ፣ የዘይት መብራት ብልጭ ይልና ጩኸት ይሰማል። ሌሎች መካኒኮች አይተውለታል። አንዱ ፓምፑ ደክሟል ብሏል፤ የቀሩት ደግሞ ወፍራም ዘይት፣ ለሎሪዎቹ የሚገባውን ድፍን ባለ 50 ቁጥር አግባበት ብለውታል። በዚያ አገር ለሁሉም የሞተር በሽታ መድኃኒቱ ወፍራም ዘይት ነበር። ሞተር ከጮኸ ወፍራም፣ ካጨሰ ወፍራም፣ ከጋለ ወፍራም።

ጋሼ አንድም ብሎን ሳይፈቱ «ውሰደን» አሉት። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ወረቀትና እርሳስ ይዘው ከፊት። መስኮቷ መጀመሪያ ቁጥር አታሳይም፤ ሰረዝ ብቻ ነው። የዘይቱ ሙቀት 50 ዲግሪ እስኪደርስ እንደዚያ ናት። ከከተማው ሳንወጣ የውኃው መለኪያ መሐል ደርሶ ቆመ። ዘይቱ ግን ገና 60ዎቹ ውስጥ ነው። «አየህ አንተ ልጅ» አሉኝ ወደ ኋላ ዞረው፣ «ውኃው ደርሻለሁ ይልሃል፤ ዘይቱ ገና መንገድ ላይ ነው። ሰው የሚያየው ውኃውን ነው፤ ብረቱን የሚያድነው ግን ዘይቱ ነው።»

አስፋልቱ ላይ ወጣንና ልጁ ነዳጁን ረገጠ። ዘይቱ 90 አለ፣ 100 አለ። እስከ 110 ድረስ ጋሼ ምንም አላሉም፤ እንዲያውም ደስ ብሏቸዋል። ዘይት ከ90 እስከ 110 ሲሆን ነው በቅጡ የሚሠራው፤ ከቃጠሎው የገባው የውኃ ትነትና በብርድ የገባው ቤንዚን ተኖ የሚወጣለትም በዚያ ሙቀት ነው። ከዚያ ግን ቁጥሩ አልቆመም። 118፣ 124፣ 130 አለፈ። ሸዋክ አቅራቢያ ልጁ ፍጥነቱን ሲቀንስ ጩኸቱ መጣ። ጋሼ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ «በቃ፣ እንመለስ።»

ያ ጩኸት ምን እንደሆነ በዚያው ቀን አስረዱኝ። ጎልፏ ሁለት የግፊት መቆጣጠሪያ አላት። አንደኛው ሞተሩ ቆሞ ሲዞር ግፊቱ ከ0.3 ባር እንዳይወርድ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ሞተሩ ከ2000 ዙር በላይ እያለ ግፊቱ ከ1.8 ባር በታች ከወረደ ይጮኻል። ፓምፑ ደኅና ነው። ብሮንዚኑም ደኅና ነው፤ ባይሆን ኖሮ ይንኳኳ ነበር። ዘይቱ ከመጠን በላይ ግሎ ስለ ቀጠነ በየቀዳዳው እየሾለከ ግፊት አልያዘም፤ ይኸው ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ምን ዓይነት ወፍራም ዘይት ላግባ?» አልነበረም። «ዘይቱ ለምን ይህን ያህል ጋለ?» ነበር።

መልሱ ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ራዲያተሩ ነው። ነጋዴው ልጁን እህል ገበያ መሐል ያውለዋል፤ መኪናዋ አየር ማቀዝቀዣዋ እየሠራ በሎሪዎች መካከል ለሰዓታት ትቆማለች። የማሽላ ገለባና የዋልካ አቧራ የራዲያተሩን ክንፎች ከፊት ለፊት ሸፍኗቸው ነበር። በጂቲአይ ላይ ይህ ጉዳት እጥፍ ነው፤ ምክንያቱም ዘይቱን የምታቀዘቅዘው ከማጣሪያው ሥር የተገጠመች ትንሽ የሙቀት መለዋወጫ ስትሆን ሙቀቱን የምታስረክበው ለዚያው ለራዲያተሩ ውኃ ነው። ውኃው ቴርሞስታቱ ስለሚጠብቀው ለጥቂት ጊዜ ደኅና መስሎ ይታያል፤ ተሸካሚው ግን ዘይቱ ነው። ፍሬሞቹን ፈትተን በለስላሳ ብሩሽና በትንሽ የውኃ ግፊት ከኋላ ወደ ፊት አጠብነው። ከፊት ወደ ኋላ የሚያጥብ ሰው ገለባውን የበለጠ ይደፍነዋል።

ሁለተኛው ራሱ ዘይቱ ነው። ልጁ ጣሳውን አመጣልን። ላዩ ላይ 20ደብሊው-50 ይላል። ከገበያ የገዛው ነው። ጋሼ ጣሳውን አዩት፣ ክዳኑን አዩት፣ አሸተቱት፣ በሁለት ጣት አሹት፤ ምንም አልተናገሩም። ከመደርደሪያ ሁለት ተመሳሳይ የመስተዋት ጠርሙስ አወረዱ። አንዱን በዚያ ዘይት፣ ሌላውን ከሚያምኑት ነጋዴ በታሸገ ጣሳ በመጣ የዚያው ቁጥር ዘይት ሞሉት። ከአሮጌ ኩሽኔታ ሁለት እኩል የብረት ኳሶች አውጥተው አንድ አንድ ከተቱና ክዳናቸውን አጠበቁ። በቀዝቃዛው ሲገለብጧቸው ኳሶቹ እኩል ለመውረድ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ሁለቱንም ጠርሙሶች ሊፈላ የደረሰ ውኃ በተሞላ ድስት ውስጥ አቆዩዋቸውና በጨርቅ ይዘው እንደገና ገለበጧቸው። የታሸገው ዘይት ውስጥ ያለችው ኳስ ቀስ እያለች ወረደች። የገበያው ዘይት ውስጥ ያለችው ግን ጠርሙሱ ሳይዞር ታች ደርሳ ቂው አለች። ልጁ ድምፁን ሲሰማ ጣሳውን አንሥቶ ወደ ቆሻሻው በርሜል ሄደ።

ያ ዘይት ምናልባት የተጣራ ያገለገለ ዘይት ነው፤ ምናልባትም ተራ ቀጭን ዘይት። ለጋሼ ስሙ ቁም ነገር አልነበረም። ዘይት በብርድ ሳይሆን በሙቀት ነው የሚፈተነው። ጣሳው ላይ ያለው ቁጥርም የሚለው ይህንኑ ነው። ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ሞተሩ በብርድ ሲነሣ ዘይቱ ምን ያህል እንደሚፈስ ይናገራል፤ የኋለኛው በ100 ዲግሪ ላይ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው። 40 የተባለ ዘይት በ100 ዲግሪ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ይይዛል፤ 50 የተባለው ከ16.3 እስከ 21.9። አምራቾቹ ከዚህም አልፈው በ150 ዲግሪ በኃይል እያሹ ይለኩታል፤ ምክንያቱም ብሮንዚኑ መሐል ያለው ስስ ዘይት የሚገጥመው ሙቀት ከሥር ባለው የዘይት ገንዳ፣ በኮፓው ውስጥ ካለው እጅግ ይበልጣል። በፒስተኑ ፋሻ አካባቢማ ከ200 ዲግሪ ያልፋል። ኮፓው ውስጥ 130 ካየህ ላይኛው ቦታ ላይ ምን እንዳለ ገምት፤ ዘይቱ እዚያ እየተቃጠለ ነው። አንዴ መበላሸት በሚጀምርበት ሙቀት ላይ ከደረሰ ደግሞ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የሚበላሽበት ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

በታጠበው ራዲያተርና በእውነተኛው 20ደብሊው-50 ያንኑ መንገድ ስንሄድ መስኮቷ 110 አካባቢ ቆመች። ሸዋክ ላይ ፍጥነት ቀነስን፤ ጩኸት የለም።

ልጁ ግን አልረካም። «እንግዲያስ ድፍኑን 50 ብናገባበት ከዚህም አይወርድም?» አለ። ጋሼ እምቢ አሉ፤ እዚህ ላይ ያላቸው አቋም እስከ መጨረሻው አልተለወጠም። የዚያች ጎልፍ ፑንቴሪያ በዘይት ግፊት ራሱን የሚያስተካክል ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ጧት ገዳሪፍም ትበርዳለች፤ ድፍን ወፍራም ዘይት እስከ ቴስታታው ጫፍ እስኪደርስ ፑንቴሪያው ደርቆ ይጮኻል። ሞተር አብዛኛውን ጉዳቱን የሚቀምሰው ሲነሣ ነው። በዚያ ላይ ከሚገባው በላይ የወፈረ ዘይት ራሱን ለመግፋት ጉልበት ይበላል፤ የሚበላው ጉልበት ደግሞ ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሙቀቱን ቀንስ፣ ከዚያ የቀረውን ሙቀት የሚችለውን ቀጭኑን ዘይት ምረጥ አሉት። ከዚህ የተሻለ የዘይት መምረጫ ሕግ እስካሁን አልሰማሁም።

ለሎሪዎቹ የሚገባው ዘይት ለጎልፏ የማይሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። ጣሳው ላይ ያሉት ፊደላት ናቸው። በ«ኤስ» የሚጀምሩት ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምሩት ለናፍጣ ሞተር ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ለቤንዚን የመጨረሻው «ኤስኤፍ» ነበር። የናፍጣው ዘይት ጥላሸት ለመሸከም ነው የተሠራው። በአንዳንድ ጣሳ ላይ ሁለቱም ይጻፋል፤ ያ ለሁለቱም ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ልጁ ልማድ አበጀ። ከተማ ውስጥ ዘይቱ 80 እስኪደርስ ከ3000 ዙር አያልፍም። ከረጅም ጉዞ ሲመለስ የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ይነዳና ቁጥሩ ከ100 በታች ሲወርድ ሞተሩን ያጠፋል። አንድ ጊዜ አጎቱ ሲያጣድፉት «ዑስታው ከልክለውኛል» ሲላቸው ሰምቻለሁ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በገላባትና በመተማ አድርጌ ጎንደር ገባሁ። ከመተማ እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ700 ሜትር ያህል ከፍታ ተነሥተህ ከ2000 በላይ ትወጣለህ። የጭልጋን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እየወጡ የሚግሉ መኪኖች ለዓመታት እንጀራዬ ነበሩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሱዳን ቤንዚን በቦቴ በዚያ መንገድ መግባት ሲጀምር ሥራው በዛ። ስለዚያ ዘመን ሌላ ጊዜ።

ወደ ገዳሪፍ የመለሰኝ ጦርነት ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከሑመራ፣ ከማይካድራና ከአካባቢው የሸሸው ሕዝብ በሉግዲ በኩል ሲሻገር መጀመሪያ የሚያርፈው መንደር 8 በተባለው ጊዜያዊ ጣቢያ ነበር። መንደሩ በላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ ሳቢያ ከቦታቸው ለሚነሡ ሰዎች ከተሠሩት አንዱ ነው። ሰዎች በየባዶ ቤቱ፣ በየግንቡ ጥላ፣ በፕላስቲክ ሸራ ሥር ተቀምጠው ወደ ኡም ራኩባ ወይም ወደ ቱነይድባ የሚወስዳቸውን አውቶቡስ ይጠብቃሉ። እኔ በአንድ የእርዳታ ሥራ ላይ ለተሰማሩ መኪኖች ጥገና ነበር የሄድኩት። ዐረብኛውን፣ መንገዱንና ሙቀቱን የሚያውቅ ሰው ፈልገው ነው።

መኪኖቹ ላንድክሩዘሮች ናቸው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ዘይት ይይዛል፤ ጠንካራ ሞተር ነው። የዘይት ሙቀት መለኪያ ግን የለውም። ያለው የግፊት መለኪያ ነው። እዚህ ላይ የጋሼ ትምህርት ዋጋው ታየኝ። ቁጥሩን የምታሳይ መስኮት ከሌለ ግፊቱን እያየህ ሙቀቱን ታነባለህ። ጧት፣ ዘይቱ ቀዝቃዛ እያለ፣ የግፊቱ ቀስት ከፍ ይላል። ሞተሩ በቅጡ ከሞቀ በኋላ ቆሞ ሲዞር ቀስቱ የሚያርፍበት ቦታ አለው፤ ያንን ቦታ አዲስ ዘይት በተቀየረ ማግስት አይተህ ትይዘዋለህ። ከዚያ ያ ቦታ ዝቅ ባለ ቁጥር ወይ ዘይቱ ግሏል፣ ወይ ደክሟል፣ ወይ ናፍጣ ገብቶበታል። ለእያንዳንዱ ሾፌር ያንን ቦታ በቀለም እስክሪብቶ መስተዋቱ ላይ ነጥብ አደረግሁለት።

አንዳንዶቹ ሾፌሮች ዘይት የሚግለው በአስፋልት ፍጥነት ብቻ ይመስላቸው ነበር። በክረምት መንደር 8ና ቱነይድባ የሚገቡበት ዋልካ ሲርስ ግን ተቃራኒው ነው። መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ፣ በከፍተኛ ዙር፣ በሰዓት ጥቂት ኪሎ ሜትር ይጎተታል። ነፋስ የለም። ጭቃው የራዲያተሩን ፊት ይለጥፋል። አየሩ ቀዝቅዟል ብለህ ትዘናጋለህ፤ ዘይቱ ግን ከሚያዝያው አስፋልት በላይ ይግላል። በየማታው ጭቃውን ከኋላ ወደ ፊት ማጠብን ሕግ አደረግነው።

ከላንድክሩዘሮቹ ይልቅ ልቤን የያዙት ትራክተሮቹ ናቸው። ከሰሊጥ አራሾቹ መካከል ካላቸው ነገር ሁሉ አንዱን፣ ትራክተራቸውን ይዘው የተሻገሩ ነበሩ። ቤተሰቡ ሁሉ በተጎታቹ ላይ ተጭኖ መጥቷል። አንድ አረጋዊ ገበሬ ማሲ ፈርጉሰናቸውን ግድግዳ ጥግ አቁመው በሸራ ሸፍነውት ነበር። ቀረብ ብዬ ሰላም ስላቸው «ልጄ፣ ይህን ዘይት እስኪ እየው፤ ከሰኔ ጀምሮ አልተቀየረም» አሉኝ። መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩና ከሲሚንቶ ከረጢት የተቀደደ ደረቅ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣልኩ። ጋሼ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ጠብታው ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ደኅና ዘይት ከሆነ መሐሉም ዳሩም እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ዳሩ ላይ ቢጫ ቀለበት ይቀራል። ጥላሸቱን መሸከም ያቃተው ዘይት ከሆነ ግን መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቆማል፣ አይሰፋም። የእሳቸው ቆመ።

የአየር ማጣሪያውን ከፈትን። የድሮ ዓይነት ነው፤ አየሩ በዘይት ላይ እያለፈ አቧራውን የሚጥልበት ጎድጓዳ ሳህን አለው። ሳህኑ ውስጥ ዘይት አልቀረም፤ ጭቃ ሆኗል። ያ ትራክተር ከሰኔ ጀምሮ አቧራ እየዋጠ ነበር። አቧራ የገባበት ዘይት ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ፋሻና ሲሊንደር ይበላል። ከእኛ ከተረፈው 15ደብሊው-40 የናፍጣ ዘይት ተሰጣቸው፤ ሳህኑን በናፍጣ አጠብን፣ ፊልትሮ ከገዳሪፍ አመጣሁላቸው። ሞተሩን ሲያስነሡ ለተወሰነ ጊዜ ቆመው አዳመጡት፣ ነዳጁን ግን አልነኩትም። ማንም ሳይነግራቸው እስኪሞቅ ጠበቁት። ያ ትራክተር ተመልሰው ለሚጀምሩት ኑሮ የቀራቸው ብቸኛ ነገር ነበር፤ ከነዘይቱ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲጀመር መንገዱ አቅጣጫውን ለወጠ። በዚህ ጊዜ የሸሹት ሱዳኖቹ ናቸው። ከገዳሪፍ ወደ ገላባት፣ ከገላባት ወደ መተማ። ጥቂቶቹ በመኪናቸው መጡ። ጎንደር የሚኖሩ የሙያ ጓደኞቼ ከቆላ የመጡ መኪኖች ዳገቱን ወጥተው ሲደርሱ ዘይታቸው አልቆ፣ ኮፓቸው በሙቀት ጠቁሮ እንደነበር ነግረውኛል። በገዳሪፍ ዑስታ የሆኑ የእኛ ሰዎች በእነሱ አገር ሲጠግኑ ኖረዋል፤ የእነሱን መኪና አሁን ጎንደር ላይ መጠገን የሚገባን ነበር።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እዚህ ያለው የዘይት ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ከ2300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ጉዞው አጭር ነው። ብዙ መኪና ከቤት ቢሮ ደርሶ ሲጠፋ ዘይቱ 70 ዲግሪ እንኳ አልደረሰም። ውኃውና ቤንዚኑ ሳይተኑ ኮፓው ውስጥ ይከማቻሉ። በሳምንት አንድ ቀን መኪናውን ረዘም ላለ መንገድ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዳማ ማውጣት ለዘይቱ ይበጀዋል። አዳዲሶቹ ትናንሽ ባለ ቱርቦ መኪኖች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ቱርቦው የሚንሳፈፈው በሞተሩ ዘይት ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ዳገት ወይም ከፈጣን መንገድ ወጥተህ ወዲያው ካጠፋኸው እዚያ የቀረው ዘይት ይቃጠልና ካርቦን ሆኖ ይደርቃል። አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ እንዲዞር መተው ይበቃዋል። አምራቹ 5ደብሊው-30 ያለውን ሞተር «አገሩ ሞቃት ነው» ብለው 20ደብሊው-50 የሚሞሉበት ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ጋሼ ያኔ ለጎልፏ እምቢ ያሉበት ምክንያት ለዚህም ይሠራል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ዛሬ በእጃችሁ ያለው ሞተር ለብዙ ዓመት የሚኖራችሁ ሞተር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ አሽከርካሪዎች አደራ፦ የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ አውጡና የዘይቱን ቁጥርና ፊደል ጽፋችሁ ኪሳችሁ ያዙ፤ የታሸገውን ከሚታወቅ ነጋዴ ግዙ፤ ባዶውን ጣሳ ለማንም ሳትሰጡ ቀዳችሁ ጣሉት፣ ተመልሶ እንዳይሞላ። በዳሽቦርዱ ዝርዝር ውስጥ የዘይት ሙቀት የሚያሳይ ክፍል ካለ ፈልጉት፤ በብዙዎቹ አዳዲስ የጀርመን መኪኖች ውስጥ አለ፣ ባለቤቱ ግን አንድም ቀን ከፍቶት አያውቅም። 80 ሳይደርስ አትርገጡ፤ 120 ካለፈ ዝግ በሉ፤ ከ130 በላይ ደጋግሞ ከወጣ ዘይት ከመቀየራችሁ በፊት ራዲያተሩን አሳዩ።